ጂኖሙ ያልተነበበ ተክል ስትይዙ፦ ትሪኒቲን ከጥሬ ፋይል እስከሚታመን ውጤት

ኑግ ላይ እየሰራችሁ ነው እንበል። ከቅጠሉ፣ ከአበባውና ከሚያፈራው ፍሬ አርኤንኤ አወጣችሁ። ማንበቢያ ማሽን ላይ አስነበባችሁት። አሁን እያንዳንዳቸው 150 ፊደል የሚረዝሙ ብዙ ሚሊዮን ቁርጥራጮች በፋይል ታጭቀው ደርሰዋችኋል። አንዱ ቁርጥራጭ ሪድ ይባላል፤ የአንድ ቁራጭ ሁለቱ ጫፎች ሲነበቡ ደግሞ ጥንድ ሪድ ይሆናሉ። እናንተ የምትፈልጉት ግን ቁርጥራጭ አይደለም። ዘይቱን የሚሰሩትን ጂኖች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ሆነው ማየት ነው የምትፈልጉት። ናሙናው የሰው ወይም የበቆሎ ቢሆን ኖሮ ቁርጥራጮቹን የታወቀው ጂኖም፣ ማለትም ሙሉው የዲኤንኤ ጽሑፍ ላይ መለጠፍ ይበቃ ነበር። መለጠፊያው ከሌለስ? ያኔ ቁርጥራጮቹን እርስ በርሳቸው መገጣጠም ነው። ለዚህ ስራ ደግሞ የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ትሪኒቲ ወደሚባለው ሶፍትዌር ነው።

ትሪኒቲ የብሮድ ኢንስቲትዩትና የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ሰርተውት በ2011 ኔቸር ባዮቴክኖሎጂ መጽሔት ላይ የወጣ ነው። ነጻ ነው፣ ማንም አውርዶ ይጠቀምበታል። ማስነሳቱም ከባድ አይደለም፤ አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው። ከባዱ ከዚያች መስመር በፊትና በኋላ ያለው ነው። ብዙ ተማሪ ፋይሉ ሲወጣ ስራው ያለቀ ይመስለውና ቀጥታ ወደ ትንተና ይገባል፣ ከዚያ ከስድስት ወር በኋላ ነው ያ ሁሉ ትንተና የቆመበት መሰረት የተሰነጠቀ መሆኑን የሚያየው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደው ማጣራቱና ማረጋገጡ ላይ ነው።

ትዕዛዞችን እዚህ በንባባቸው ነው የምጽፋቸው። ተርሚናል ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፉት። ትሪኒቲን ስሙን ብቻ ጽፋችሁ ኢንተር ብትሉት አማራጮቹን ከነትክክለኛ አጻጻፋቸው ይዘረዝርላችኋል። ያንን ጎን ለጎን ክፈቱት።

በእርግጥ ጂኖም የለም?

ይህን ሳታረጋግጡ አትጀምሩ። የጂን መረጃ ማከማቻ የሆነው ኤንሲቢአይ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ የተክሉን ወይም የእንስሳውን ሳይንሳዊ ስም ፈልጉ። ጂኖሞች በየጊዜው ይጨመራሉ፣ አማካሪያችሁ ከአምስት ዓመት በፊት "የለም" ያሉት ዛሬ ሊኖር ይችላል። ጤፍን ብንወስድ ረቂቅ ጂኖሙ በ2014 ወጣ፣ ዳቢ ከሚባለው ዝርያ የተሰራው የተሻለው ደግሞ በ2020። ስለዚህ ጤፍ ላይ የምትሰሩ ከሆነ ባዶ እጅ መገጣጠም ውስጥ አትግቡ። ሪዶቹን ሂሳት2 ወይም ስታር በሚባል መለጠፊያ ፕሮግራም ጂኖሙ ላይ ለጥፉ፣ ስትሪንግታይ የሚባለው ደግሞ ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም ከጂኑ የተገለበጠውን ሙሉ አርኤንኤ፣ ይሰራላችኋል። ቀላልም ንጹህም ነው።

የዘመድ ተክል ጂኖምስ? ሱፍ ከኑግ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ጂኖሙም በ2017 ታትሟል። ግን ቤተሰብ መሆን ለመለጠፍ አይበቃም። ፊደሎቹ በጣም ስለሚለያዩ አብዛኛው ሪድ አይያዝም፣ የሚያዘውም የተለወጠ ሳይሆን የተመሳሰለው ብቻ ይሆናል። ሱፍ በኋላ ጂኖቹን ስም ስንሰጣቸው ይጠቅመናል፣ እዚያው ይቆየን።

ውስጡ ምን እንደሚሰራ

አንድ መዝገብ ቤት ያሉ ደብዳቤዎች ሁሉ ተቀዳደው አንድ ጆንያ ውስጥ ተከተቱ በሉ። አንዳንዱ ደብዳቤ አንድ ቅጂ ብቻ ነበረው፣ አንዳንዱ አስር ሺህ። አንዳንዶቹ ደግሞ መግቢያቸው አንድ ሆኖ መሃላቸው ይለያያል። የትራንስክሪፕት መገጣጠም ችግር ይህ ነው። ጂኖም ሲገጣጠም ሁሉም ቦታ ተቀራራቢ ሽፋን ይኖረዋል፤ አርኤንኤ ላይ ግን አንዱ ጂን ከሌላው በብዙ ሺህ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፣ አንዱ ጂንም በተለያየ መልክ ተቆርጦ ይሰፋል።

ትሪኒቲ በሦስት ክፍል ነው የሚሰራው። ኢንችዎርም የሚባለው ሪዶቹን ሁሉ 25 ፊደል ወደሚረዝሙ ቃላት ይከትፋል። እነዚህ ቃላት ኬመር ይባላሉ። ከሁሉ ብዙ ጊዜ የታየውን ኬመር ይይዝና በግራም በቀኝም 24 ፊደል የሚጋራውን ቀጣይ እየፈለገ ይረዝማል፣ ቀጣይ ሲያጣ ያቆማል፣ ከዚያ ያልተነካውን ይዞ እንደገና ይጀምራል። ክሪሳሊስ ደግሞ ከአንድ ጂን የመጡ የሚመስሉትን ሰንሰለቶች በቡድን ይሰበስባል፣ ለእያንዳንዱ ቡድንም ደብራይን ግራፍ የሚባለውን የመንገድ ካርታ ይሰራል። በመጨረሻ በተርፍላይ ካርታው ላይ ይሄድበታል። መንገዱ ሲከፈል የትኛውን መያዝ እንዳለበት የሚወስነው እውነተኛዎቹ ሪዶችና ጥንዶቻቸው በየትኛው በኩል እንዳለፉ አይቶ ነው። አንድ መንገድ አንድ ትራንስክሪፕት ይሆናል።

ይህን ማወቅ ለፈተና ሳይሆን ለስራ ነው። ኢንችዎርም ሚሞሪ በላተኛ ነው፣ ምክንያቱም የኬመሮቹን መዝገብ በሙሉ ራም ላይ ይይዛል። በተርፍላይ ደግሞ ብዙ ሺህ ትናንሽ ስራዎችን በትይዩ ያስኬዳል፣ ስለዚህ የሚፈልገው ብዙ ፕሮሰሰር ነው። ስራው ሲቆም የት ላይ እንደቆመ ካያችሁ ምን እንዳነሰው ወዲያው ትገምታላችሁ።

ማሽኑ ይበቃል ወይ

የትሪኒቲ ሰሪዎች የሚሰጡት ግምት ለአንድ ሚሊዮን ጥንድ ሪድ አንድ ጊጋባይት ራም ነው። ከኑግ ሦስት የአካል ክፍል በሦስት ድግግሞሽ ወስዳችሁ እያንዳንዱ ናሙና 20 ሚሊዮን ጥንድ ካለው 180 ሚሊዮን ጥንድ ነው። 180 ጊጋባይት ገደማ አዘጋጁ። ላፕቶፕ ላይ አትሞክሩት። 16 ጊጋባይት ራም ባለው ኮምፒውተር መለማመድ ከፈለጋችሁ ከሪዶቹ ትንሽ ቀንሳችሁ፣ አምስት ሚሊዮን ጥንድ ያህል ወስዳችሁ ሞክሩ።

ሰርቨር ለሌላችሁ ጋላክሲ አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ የተቀመጡ ለህዝብ ክፍት የሆኑ ሰርቨሮች ናቸው፣ ትሪኒቲን በብራውዘር ውስጥ በነጻ ታስነሱበታላችሁ። እዚህ አገር ያለን ሰዎች የሚያስቸግረን ፋይል መጫኑ ነው። ብዙ ጊጋባይት በቤት ኢንተርኔት መጫን ቀናት ይፈጃል፣ መሃል ላይም ይቆረጣል። ዳታችሁ ኤስአርኤ ወይም ኢኤንኤ በሚባሉት የጥሬ ሪድ ማከማቻዎች ላይ ካለ የናሙናውን ቁጥር ብቻ ለጋላክሲ ስጡት፣ ራሱ ከዚያው ይስበዋል። በእናንተ መስመር ምንም አያልፍም።

ስለ ዲስክ ሰው ብዙም አያስጠነቅቅም፣ እኔ ግን ዋጋ ከፍዬበታለሁ። መጀመሪያ ጊዜ በጋራ የምንጠቀምበት ሰርቨር ላይ ትልቅ ስራ ሳስነሳ ባዶ ቦታውን አይቼ ነበር፣ ቦታ ሞልቷል። ሦስተኛው ቀን ላይ ስራው ቆሞ አገኘሁት። ስህተቱ "ዲስክ ላይ ቦታ የለም" ይላል። ስፈትሽ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ግማሽ ቀን ፈጅቶብኝ ነው የገባኝ፤ ያለቀው ቦታ ሳይሆን ለአንድ ተጠቃሚ የተፈቀደው የፋይል ብዛት ነበር። ትሪኒቲ ሪዶቹን በቡድን ከለየ በኋላ ለየቡድኑ ፎልደር እየከፈተ መቶ ሺዎች የሚደርሱ ጥቃቅን ፋይሎች ይፈጥራል። የኔ ስራ መቆሙ ሳያንስ የሌሎች ሰዎች ስራም ሰርቨሩ ላይ ተንቀራፎ ነበር። ስለዚህ ከማስነሳታችሁ በፊት ሰርቨሩን የሚያስተዳድረውን ሰው የፋይል ገደባችሁ ስንት እንደሆነ ጠይቁት። ከተቻለ ስራው በሚሰራበት ማሽን ላይ ባለው የራሱ ዲስክ ላይ ይጻፍ፣ ሲያልቅ ውጤቱን ብቻ ገልብጡ። ፉል ክሊንአፕ የሚለውን አማራጭ ከጨመራችሁ ትሪኒቲ ሲጨርስ መሃል ላይ የፈጠራቸውን ሁሉ ራሱ ያጠፋል።

መጫን

ሊኑክስ ያስፈልጋችኋል። ዊንዶውስ ላይ ላላችሁ ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስነሳው ደብሊውኤስኤል ለመለማመድ ይሆናል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኮንዳ የሚባለው የሶፍትዌር መጫኛ ነው፦ ለትሪኒቲ ብቻ አዲስ ኢንቫይሮመንት ፍጠሩ፣ ከሌሎች ሶፍትዌሮች ጋር አትቀላቅሉት፣ ከባዮኮንዳ ጫኑት። ሲያልቅ ቨርዥኑን ጠይቁት። ይህን አትዝለሉ፣ ምክንያቱም ኮንዳ ጥገኞቹ ሲጋጩበት ሳይነግራችሁ የድሮ ቨርዥን የሚጭንበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው ሲንጉላሪቲ ወይም ዶከር ነው። ሰሪዎቹ ራሳቸው ቦውታይ2ን፣ ሳልሞንን፣ ጄሊፊሽንና ሳምቱልስን ጨምረው አንድ ላይ ያሸጉት ጥቅል አለ። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ገምጋሚ "ድገሙት" ቢላችሁ ያው ጥቅል ያው ነው።

ሪዶቹን ማጽዳት

የሪዶቹን ጥራት የሚፈትሸውን ፋስትኪውሲን አስነሱና ሪፖርቱን ክፈቱ። ሁለት ቀይ ምልክት ታያላችሁ፣ ሁለቱም ብዙ ጊዜ አያሳስቡም። አንዱ የመጀመሪያዎቹ አስር አስራ ሁለት ፊደሎች ላይ መስመሮቹ ሲምታቱ ነው። አርኤንኤው ወደ ዲኤንኤ ሲገለበጥ ከተጠቀሙት የዘፈቀደ ፕራይመር የመጣ ነው፣ አትቁረጡት። ሌላው የተደጋገመ ሪድ በዛ የሚለው ነው። በብዛት የሚገለጽ ጂን ብዙ ተመሳሳይ ሪድ ይሰጣል፣ አርኤንኤ ላይ ይህ ተፈጥሮው ነው። ድግግሞሹን አታስወግዱ።

አዳፕተር፣ ማለትም ናሙናው ለንባብ ሲዘጋጅ ጫፉ ላይ የሚቀጠለው ሰው ሰራሽ ዲኤንኤ፣ ግን መወገድ አለበት። ካልወጣ የማይገናኙ ጂኖችን እንደ ሙጫ ያጣብቃቸዋል። ፋስትፒ ወይም ትሪሞማቲክ ይሰራዋል። ትሪኒቲ ራሱ ትሪሞማቲክን ይዟል፣ ትሪሞማቲክ የሚለውን አማራጭ መጨመር ብቻ ነው።

ጥራት ሲቆረጥ እጃችሁ ይለስልስ። ማሽኑ ለያንዳንዱ ፊደል የጥራት ነጥብ ይሰጣል፣ ከፍ ሲል ፊደሉ ይበልጥ ይታመናል። ብዙ ሰው ከሌላ ስራ በለመደው ልክ ከ20 ወይም ከ30 በታች ያለውን ሁሉ ይቆርጣል። እዚህ ላይ ይህ ጉዳት ነው። በትንሹ የሚገለጹ ጂኖች ያላቸው ሪድ ጥቂት ነው፣ እሱንም ከቆረጣችሁባቸው ይበጣጠሳሉ። ትሪኒቲ ውስጥ የተቀመጠው ልክ 5 ነው፤ አራት አራት ፊደል እያየ አማካዩ ከ5 ሲወርድ ይቆርጣል፣ ከ25 ፊደል ያጠረውን ይጥላል። እሱን አትንኩት።

የሪቦሶም (ፕሮቲን የሚሰራው የሴል ክፍል) አርኤንኤ ከበዛ በሶርትሚአርኤንኤ ለይታችሁ አውጡት። ከኤስአርኤ ያወረዳችሁት ፋይል ከሆነ ደግሞ የሪዶቹን ስም እዩ። ትሪኒቲ የግራው ሪድ ስም በ"/1"፣ የቀኙ በ"/2" ማለቁን ወይም አዲሱን የኢሉሚና ማሽን አጻጻፍ ይጠብቃል። ከኤስአርኤ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይህ የለውም፣ ስራው ገና ሲጀምር ይቆማል። ስታወርዱ የስሙን አጻጻፍ ማስተካከል ይቻላል፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

ትዕዛዙ

ናሙናዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ነው የምታስገቡት። ለቅጠል አንድ፣ ለአበባ አንድ፣ ለፍሬ አንድ እያላችሁ ለየብቻ አትገጣጥሙ። ለየብቻ ከሰራችሁ የቅጠሉ ጂን ቁጥርና የፍሬው ጂን ቁጥር አይገናኙም፣ ማወዳደሪያ ታጣላችሁ። አንድ የጋራ አሰምብሊ (የተገጣጠሙት ትራንስክሪፕቶች ስብስብ) ይሰራል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ናሙና እሱ ላይ ይቆጠራል።

አንድ የጽሑፍ ፋይል ክፈቱ። አራት ዓምድ አለው፣ በታብ የተለያየ፦ የአካል ክፍሉ፣ የድግግሞሹ ስም፣ የግራው ፋይል፣ የቀኙ ፋይል። ዘጠኝ ናሙና ካላችሁ ዘጠኝ መስመር ነው። ኤክሴል ላይ ሰርታችሁ የምታመጡት ከሆነ ተጠንቀቁ፣ የማይታዩ ምልክቶች መስመሩ መጨረሻ ላይ ይለጥፋል። ከዚያ ትሪኒቲን ጠርታችሁ ሴክ ታይፕ ለሚለው ኤፍኪው፣ ሳምፕልስ ፋይል ለሚለው ያን ፋይል፣ ማክስ ሜሞሪ ለሚለው 180ጂ፣ ሲፒዩ ለሚለው 20 ያህል ትሰጡታላችሁ። አውትፑት ለሚለው የፎልደር ስም ትሰጣላችሁ። ስሙ ውስጥ ትሪኒቲ የሚለው ቃል መኖር አለበት፣ አለበለዚያ አይቀበልም። ሰሪዎቹ ይህን ያደረጉት ፕሮግራሙ ሲያጸዳ የሌላ ስራ ፎልደር በስህተት እንዳያጠፋ ነው።

አንድ ነገር ላይ ቆም በሉ፤ ኤስኤስ ሊብ ታይፕ የሚለው ላይ። ናሙናው ሲዘጋጅ አርኤንኤው ከየትኛው የዲኤንኤ ፈትል እንደመጣ በሚይዝ ኪት ከተሰራ፣ ለትሪኒቲ መንገር ትልቅ ጥቅም አለው። ተቃራኒ አቅጣጫ ያላቸው ግን የተደራረቡ ሁለት ጂኖችን ይለይላችኋል። ዲዩቲፒ የሚባለው ዘዴ ከሆነ፣ ዛሬ በብዛት ያለው እሱ ነው፣ መልሱ አርኤፍ ነው። ኤፍአር ብላችሁ ብትሳሳቱ ግን ትሪኒቲ አያስጠነቅቃችሁም። ሁሉንም ትራንስክሪፕት ገልብጦ ይሰጣችኋል፣ ፋይሉ ሲታይ ምንም አይመስልም፣ ፕሮቲን ስትፈልጉበት ብቻ ነው የሚታወቃችሁ። ስለዚህ ያስነበባችሁበትን ላብራቶሪ የኪቱን ስም በኢሜይል ጠይቁ። ካላወቁት ምንም ሳትሰጡት አስነሱት፤ ካለመስጠት የባሰው ተሳስቶ መስጠት ነው።

ስራው ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ቲመክስ ወይም ስክሪን ውስጥ አስነሱት። ተርሚናሉን ብትዘጉት፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ፣ ስራው ይቀጥላል። መብራት ከሄደ ደግሞ አትደናገጡ። ያንኑ ትዕዛዝ፣ ምንም ሳትቀይሩ፣ እዚያው ፎልደር ላይ ድገሙት። ትሪኒቲ የጨረሰውን እየመዘገበ ስለሚሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። በተርፍላይ ላይ ጥቂት ስራዎች ወድቀው ቢቆምም መልሱ ያው ነው፣ ብዙ ጊዜ ሚሞሪ አንሷቸው ነው፤ የሲፒዩውን ቁጥር ቀንሳችሁ ድገሙት።

የወጣውን ስም ማንበብ

ሲጨርስ የትራንስክሪፕቶቹን ስምና ፊደል የያዘ የፋስታ ፋይል ታገኛላችሁ። በአዲሶቹ ቨርዥኖች ፋይሉ ፎልደሩ ውስጥ ሳይሆን ከጎኑ ነው የሚቀመጠው፣ ብዙ ሰው ውስጡ ሲፈልግ ይጨነቃል። ክፈቱትና የመጀመሪያውን ስም እዩ። ትሪኒቲ፣ ዲኤን1000፣ ሲ115፣ ጂ5፣ አይ1 ይላል እንበል። ዲኤንና ሲ ከየትኛው የሪዶች ቡድን እንደመጣ ይናገራሉ። ጂ5 ጂኑ ነው። አይ1 የዚያ ጂን አንዱ መልክ ነው፣ አይሶፎርም ይባላል። ስለዚህ ጂን ስትቆጥሩ እስከ ጂ5 ድረስ ያለውን ሙሉ ስም ነው የምትይዙት፣ ጂ5ን ብቻ ብትይዙ የማይገናኙ ነገሮችን ታቀላቅላላችሁ። "ጂን" ማለቱም የትሪኒቲ ግምት መሆኑን አትርሱ።

ማረጋገጥ

መጀመሪያ ሰው የሚያየው ኤን50 ነው። ትራንስክሪፕቶቹን ከረጅም ወደ አጭር ደርድራችሁ ከጠቅላላው ፊደል ግማሹ ላይ ስትደርሱ ያለው ርዝመት ማለት ነው። ለጂኖም ጥሩ መለኪያ ነው፣ እዚህ ግን ያታልላል። ረጅም ጂን ብዙ አይሶፎርም ካወጣ ያው ጂን አስር ጊዜ ተቆጥሮ ኤን50ን ያሳድገዋል። ስህተት የሆኑ ረጃጅም ቅጥልጥሎችም ያሳድጉታል። ወረቀት ላይ ኤን50 ብቻ ጽፎ "ጥሩ አሰምብሊ ነው" የሚል ካያችሁ አትመኑት። የተሻለው ኢኤክስኤን50 ነው፤ በደንብ የሚገለጹትን፣ ለምሳሌ የሪዱን 90 በመቶ የሚይዙትን ብቻ ወስዶ ነው የሚያሰላው።

ከዚያ ሪዶቹን በቦውታይ2 መልሳችሁ አሰምብሊው ላይ ለጥፏቸው። ጥሩ አሰምብሊ ላይ ከ70 እስከ 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነው ሪድ ከነጥንዱ በትክክለኛው አቀማመጥ ይገባል። 50 በመቶ ከሆነ ግማሹ ማስረጃችሁ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ሦስተኛው ቡስኮ ነው። በአንድ የፍጥረት ወገን ውስጥ በየዝርያው አንዳንድ ቅጂ ሆነው ይኖራሉ የሚባሉ ጂኖች ዝርዝር አለው። ለአበባማ ዲኮት ተክሎች በአስረኛው የዳታቤዙ እትም 2326 ጂኖች ናቸው፣ ኑግ እዚህ ውስጥ ይገባል። ስንቱ ሙሉ፣ ስንቱ ቁራጭ፣ ስንቱ የጠፋ እንደሆነ ይነግራችኋል። "የተደጋገመ" የሚለው ቁጥር ከፍ ብሎ ስታዩ አትጨነቁ፣ አይሶፎርሞቹ ናቸው። ከየጂኑ ረጅሙን አንድ ብቻ ወስዳችሁ ድገሙት። አሁንም ከፍ ካለ እንግዲህ ሌላ ነገር አለ። የጠፋ የሚለውንም ከናሙናችሁ ጋር አስተያዩት፤ ፍሬ ብቻ ያስነበበ ሰው በስር ብቻ የሚገለጽ ጂን ቢያጣ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም።

ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ ግን እኔን የሚያሳምነኝ አንድ የማውቀውን ጂን በዓይኔ ማየት ነው። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ኦሌይክን ወደ ሊኖሌይክ የሚለውጠው ኢንዛይም ፋድ2 ይባላል። አረቢዶፕሲስ በምትባለው የላብራቶሪ ተክል ላይ 383 አሚኖ አሲድ የሚረዝም ፕሮቲን ነው። ያንን ፕሮቲን ዩኒፕሮት ከሚባለው የፕሮቲን ዳታቤዝ አውርዱና በፕሮቲን ትራንስክሪፕት በሚፈልገው ቲብላስትኤን አሰምብሊያችሁ ላይ ፈልጉት። ከመጀመሪያው አሚኖ አሲድ አካባቢ እስከ 383 አካባቢ የሚሸፍን አንድ ነጠላ ትራንስክሪፕት ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ። አንዱ ከ1 እስከ 150፣ ሌላው ከ160 እስከ 383 የሚሸፍን ሁለት ቁራጭ ካገኛችሁ ጂኑ ተበጥሷል። ከአንድ በላይ ሙሉ ፋድ2 ብታገኙም አይግረማችሁ፤ ሱፍ ራሱ በርካታ አለው፣ አንዱ በፍሬ ላይ ብቻ የሚሰራ ነው። የናንተዎቹንም በየአካል ክፍሉ ቆጥራችሁ የፍሬው የትኛው እንደሆነ ማየት ትችላላችሁ። እንዲህ ያለ አምስት ስድስት ጂን በእጃችሁ ፈትሹ። ግማሽ ቀን ነው፣ ግን አሰምብሊያችሁን ያን ቀን ነው የምታውቁት።

ሁለት መቶ ሺህ ትራንስክሪፕት ወጣብኝ

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የለም። አንድ ተክል ሁለት መቶ ሺህ ጂን የለውም፣ ታዲያ ምንድን ነው? ከፊሉ አይሶፎርም ነው። ከፊሉ በትንሹ የሚገለጽ ጂን ስብርባሪ ነው። ከፊሉ ኢንትሮኑ፣ ማለትም ተቆርጦ የሚጣለው ክፍል፣ ገና ያልወጣለት ጥሬ አርኤንኤ ነው። ኑግ ላይ ደግሞ የራሱ ምክንያት አለ። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት አይራባም፣ ከሌላ ተክል በንብ መዳቀል አለበት። ስለዚህ ከእናትና ከአባት የመጡት ሁለቱ ቅጂዎች በጣም ይለያያሉ፣ ትሪኒቲም እንደ ሁለት ጂን ሊይዛቸው ይችላል። የተለያዩ ተክሎችን ቅጠል አንድ ላይ ፈጭታችሁ ከሆነ ደግሞ ይባስ ይበዛል። ሊገጣጠም የታሰበ ናሙና ሲሆን ከተቻለ ከአንድ ተክል ይወሰድ። ጤፍን የመሰለ አራት እጥፍ ክሮሞዞም ያለው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል፤ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ጂኖች አንድ ሆነው ይቀላቀላሉ።

ሌላው ምንጭ እንግዳ ነው። ቅጠሉ ላይ ክሽክሽ ነበረበት፣ ሻጋታ ነበረበት፣ የነሱም አርኤንኤ አብሮ ተነቧል። ትራንስክሪፕቶቹን በዳያመንድ ከትልቅ የፕሮቲን ዳታቤዝ ጋር አወዳድራችሁ የነፍሳትና የፈንገስ የሚመስሉትን ለዩ።

ስትቀንሱ በልክ ይሁን። ሚን ኬመር ከቭ የሚለውን 2 ብታደርጉ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ኬመር ይወጣል፣ ብዙው የንባብ ስህተት ስለሆነ ጥሩ ነው፣ ግን በጣም በትንሹ የሚገለጹትንም ይነካል። ሲዲ ሂት በ95 በመቶ ተመሳሳይነት የተደጋገሙትን ያጥፋል። ከአንድ ቲፒኤም (የጂን መገለጫ መጠን መለኪያ) በታች የሆነውን ሁሉ መጣል ግን አልወድም። በአንዲት የአበባ ደረጃ ላይ ብቻ ብቅ የሚል ጂን፣ ምናልባት የፈለጋችሁት እሱ ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ መቀነስ በኋላ ቡስኮን ድገሙት። ሙሉዎቹ ከቀነሱ አብዝታችሁ ቆርጣችኋል።

ከዚህ በኋላ

ፕሮቲኖቹን ለማግኘት ትራንስዲኮደር አለ። ቢያንስ 100 አሚኖ አሲድ የሚረዝም ክፍት የንባብ መስመር ይፈልጋል። ስም ለመስጠት ስዊስፕሮት የሚባለው የፕሮቲን ዳታቤዝ ላይ በዳያመንድ፣ የፕሮቲን ቤተሰቦች ዝርዝር የሆነው ፒፋም ላይ ደግሞ በኤችኤምኤምኢአር ፈልጉ፤ ትሪኖቴት ሁሉንም አንድ ሰንጠረዥ ላይ ያመጣላችኋል። የሱፍ ፕሮቲኖች እዚህ ላይ ነው የሚጠቅሙት፣ ለብቻቸው ጨምሯቸው።

ለመቁጠር ሳልሞን ፈጣን ነው። በየናሙናው ቁጠሩ፣ በጂን ደረጃ ደምሩ፣ ከዚያ በአካል ክፍሎቹ መካከል ያለውን ልዩነት በዴሴክ2 ወይም በኤጅአር አስሉ። በአይሶፎርም ደረጃ ልዩነት መፈለግ ባልታወቀ ጂኖም ላይ ለስህተት የተጋለጠ ነው፣ ጂን ላይ ቆዩ። በየአካል ክፍሉ ሦስት ድግግሞሽ ከሌላችሁ ስታቲስቲክሱ ብዙም አያስተማምንም።

ትሪኒቲ ብቻ አይደለም ያለው። በ2019 የወጣው አርኤንኤስፔድስ ብዙ ጊዜ ፈጣን ነው፣ ሰርቨራችሁ ትንሽ ከሆነ እሱን ሞክሩት። ጊዜ ካላችሁ ሁለቱንም ሰርታችሁ በቡስኮና በሪድ መልሶ መለጠፍ አወዳድሩ። ፓክባዮ ወይም ናኖፖር ረጅም ሪድ ማስነበብ ከቻላችሁ አንድ ሪድ ሙሉ ትራንስክሪፕት ሊሆን ስለሚችል አብዛኛው የመገጣጠም ጣጣ ይቀራል።

ለህትመት ስትደርሱ ጥሬ ሪዶቹን ኤስአርኤ ላይ፣ አሰምብሊውን ቲኤስኤ በሚባለው የኤንሲቢአይ የተገጣጠሙ ትራንስክሪፕቶች ማከማቻ ላይ ታስገባላችሁ። ከ200 ፊደል ያጠረ አይቀበሉም፣ ትሪኒቲ ደግሞ ከ200 በታች ያለውን በራሱ ስለማያወጣ እዚህ ላይ ችግር የለም። ካጸዳችሁ በኋላ ያጠሩ ካሉ ግን አውጧቸው። አዳፕተርና የባክቴሪያ ቅሪት ካገኙ መልሰው ይልኩላችኋል፣ የትኛው ትራንስክሪፕት የት ቦታ ላይ እንደሆነ ዝርዝሩን ይሰጣሉ። አስተካክላችሁ እስክትመልሱ ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ ጽሑፉን ለመጽሔት ከመላካችሁ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ አስገቡት፣ ከትሪኒቲ ቨርዥንና ከተጠቀማችሁበት ሙሉ ትዕዛዝ ጋር።